አባቴ የሰማው ቃል

ሥራዬ የሰው ጆሮ መለካት ነው። ልደታ ከሚገኘው ቤታችን በታክሲ ብዙ በማያስኬድ ሆስፒታል ውስጥ ድምፅ የማያስገባ አንድ ጠባብ ክፍል አለ። ታካሚው እዚያ ማዳመጫ አድርጎ ይቀመጣል፤ እኔ ከመስታወቱ ወዲህ ሆኜ አንዴ ቀጭን፣ አንዴ ወፍራም ድምፅ እልክለታለሁ። ሲሰማ እጁ ላይ ያለችውን ቁልፍ ይጫናል፤ ካልሰማ ዝም ይላል። መጨረሻ ላይ ሁሉም ነገር ወረቀት ላይ መስመር ሆኖ ይወጣል። መስመሩ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ጆሮው ደክሟል ማለት ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ስንቱን ሰው እንዲህ ለካሁ። ለአንዱም ግን "ቤትዎ ሲገቡ ከባለቤትዎ ጋር እንዴት ነው የምትጫወቱት?" ብዬ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ወረቀቱ ላይ ለዚያ የሚሆን ቦታ የለም።

የአባቴን ጆሮ የለካሁትም እኔው ነኝ። አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው ማተሚያ ቤት ነው። መጀመሪያ ፊደል ለቃሚ ነበር፤ የእርሳስ ፊደላትን ከሳጥን አንድ በአንድ እየለቀመ ቃል የሚሠራ። በኋላ ወደ ማሽን ክፍል ተዛወረ። ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ያገሣል፤ በዚያ ዘመን ጆሮውን የሚሸፍን ማንም አልነበረም። ጡረታ ሲወጣ፣ "ጆሮውን እዚያው ረስቶት መጣ" እያልን ቤት ውስጥ እንስቅ ነበር። የማዳመጫ መሣሪያም አሠርቼለታለሁ። ሁለት ሳምንት አድርጎት፣ በመሀረብ ጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። "ይሄ ጆሮ አይደለም፣ ገበያ ነው" አለኝ። የባቡሩ ድምፅ፣ የታክሲ ረዳቶቹ ጥሪ፣ የብየዳ ቤቶቹ ጩኸት፣ የሳህን ኳኳታ፣ ሁሉም ባንድነት እየገባበት፣ የፈለገው የእናቴ ድምፅ ብቻ እንደማይለይለት ነገረኝ። አልተከራከርኩትም። ብዙ ታካሚዎቼ የሚሉኝ ይህንኑ ነው።

ነገሩ የጀመረው ግንቦት ልደታ ቀን ነው። እንደ ወጉ የኮንዶሚኒየሙ ነዋሪ ግቢ ወርዶ ንፍሮ ቀቅሏል። ልጆች ይሯሯጣሉ፤ ከልደታ ማርያም የድምፅ ማጉያው መዝሙር ይመጣል፤ አንዱ ሕንፃ ሥር ሌላ ቡድን ደግሞ እልል ይላል። አባቴ ወንበሩ ላይ፣ ነጭ ጋቢውን ደርቦ ተቀምጧል። በየዓመቱ ለዚህ በዓል ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር የሚመጡ አንድ ወዳጅ አሉት፤ በማሽን ክፍሉ ሃያ ዓመት ጎን ለጎን የሠሩ ሰው ናቸው። ያን ቀንም መጡ። ታላቅ ወንድማቸው ወሊሶ ውስጥ ታመው መሰንበታቸውን ሁላችንም እናውቅ ነበር። አባቴ ገና እንዳያቸው፣ "ወንድምህስ? እንዴት ሆነልህ?" ብሎ ጠየቀ።

ሰውየው ጎንበስ ብለው በጆሮው፣ "አረፈ እኮ" አሉት።

አባቴ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። "እሰይ! ተመስገን! እኔም እኮ ስጸልይለት ነበር!" ብሎ ተነስቶ አቀፋቸው።

"አረፈ" እና "ተረፈ" መሃል ያለው አንድ ፊደል ነው። "ተ" ደግሞ ቀጭን ድምፅ ነው፤ የአባቴ ወረቀት ላይ መስመሩ ወደ ታች የሚወርደው እንዲህ ያሉት ድምፆች ጋ ሲደርስ ነው። እሱ የሰማው "ረፈ" የሚለውን ነው። መጀመሪያ ላይ የጎደለውን ፊደል የሞላው በምኞቱ ነው።

ሰውየው ታቅፈው እንደቆሙ ቀሩ። እናቴ ንፍሮ የምታወጣበት ጭልፋ አየር ላይ ቀረ። እኔ፣ ሥራዬ ጆሮ የሆነው ሴት፣ አባቴ ምን ብሎ እንደሰማ ወዲያው ገባኝ። ሰውየው በአባቴ ትከሻ ላይ እኔንና እናቴን አዩንና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ "ተዉት" ማለታቸው ነው። ከዚያ ለአባቴ "አሜን" አሉት። አባቴ ደስታው አላስቀምጥ ብሎት፣ እናቴን ንፍሮ አስቋጥሮ፣ "ለእሱ ውሰድለት። የልደታ በረከት ነው በለው" ብሎ ሰጣቸው። ተቀብለው ሄዱ።

ማታ እናቴ ማዕድ ቤት ውስጥ ያዘችኝ። "እንዳትነግሪው። ቀን ሲገኝ እኔ እነግረዋለሁ" አለችኝ። እሷ ብቻዋን ጠመንጃ ያዥ ሄዳ ለቅሶ ደረሰች። ቀን ግን አልተገኘም። ሳምንት አለፈ፣ ሌላ ሳምንት መጣ። አባቴ በየጊዜው፣ "ሰውዬው ዳነለት፣ አይደል?" እያለ ሲደሰት ስናይ የበለጠ ከበደን።

በዚያው ሰሞን ነው አብራን የምትሠራ ሐኪም አንድ ማስታወቂያ በቴሌግራም የላከችልኝ። አንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲ እዚህ ካለ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የዶክትሬት ተማሪዎች ይፈልጋል። ርዕሱ መስማትና ጭውውት ነው። ጆሯቸው የደከመ ሰዎች ከቤተሰብ፣ ከጎረቤት፣ ከሥራ ባልደረባ ጋር በየዕለቱ እንዴት እንደሚግባቡ የሚያጠና ሰው ይፈልጋሉ፤ የቋንቋ ባለሙያም፣ የጤና ባለሙያም ማመልከት ይችላል። የምርምር ሐሳብና በአመልካቹ የተቀዳ አጭር የጭውውት ናሙና ይላክ ይላል። ማመልከቻው የሚዘጋው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ማስተርሴን ከሠራሁ ቆይቷል፤ መጽሐፍ መግለጥ ረስቻለሁ። ማስታወቂያውን ሦስት ቀን ከፈትኩት፣ ዘጋሁት። በአራተኛው ቀን ለእናቴ ነገርኳት።

"ዶክተር ልትሆኚ ነው?" አለች። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር።

"መርፌ የሚወጋ ዶክተር አይደለም እማዬ። ጨዋታ የሚያጠና።"

"የምን ጨዋታ? የኳስ?"

"የሰው። ምሳ ላይ ተቀምጠን የምንጫወተውን፣ እንደዚህ የምናወራውን።"

ቢላዋዋን አስቀምጣ አየችኝ። "እሱን ለማወቅ ዶክትሬት ያስፈልጋል?"

"አባዬ ጋ ሲሆን ያስፈልጋል መሰለኝ" አልኳት። "እንግዲያው ሞክሪዋ" ብላ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

ለናሙናው የራሳችንን ምሳ ለመቅዳት አሰብኩ። አባቴን በቃል ብጠይቀው በከፊል ይሰማኝና እሺ ሊለኝ እንደሚችል ስለማውቅ፣ በወረቀት ላይ ጻፍኩለት፤ "እሑድ ምሳ ላይ የምንጫወተውን በስልኬ ልቅዳ? ለትምህርት ነው።" መነጽሩን አድርጎ ሁለቴ አነበበው። "ቅጂ፤ ምን ሚስጥር አለን?" አለኝ።

እሑድ ስልኩን ከውሃው ማሰሮ ጎን አስቀመጥኩት። መጀመሪያ ላይ እናቴ እንደ ዜና አንባቢ ቀጥ ብላ መናገር ጀምራ ሳቅንባት። ቆይቶ ስልኩን ሁላችንም ረሳነው።

ሰኞ ከሥራ በኋላ፣ ታካሚ ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ ድምፅ የማያስገባው ክፍል ውስጥ ገብቼ ማዳመጫውን አደረግሁ። የተባለውን ቃል በቃል እየጻፍኩ መሄድ ጀመርኩ። አንድ ደቂቃ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ይፈጃል። እንዲህ የሚል ቦታ ላይ ደረስኩ፦

እናቴ፣ "ውሃ ዛሬም አልመጣም" ትላለች።

አባቴ፣ "አዎ፣ ጥሩ ነው" ይላል።

እናቴ ትንሽ ትጠብቃለች። ከዚያ፣ "እና ውሃው ካልመጣ ልብሱን በምን ልጠበው ብዬ ነው" ትላለች።

አባቴ፣ "ውሃ የለም እንዴ? በርሜሉ ውስጥ አለ እኮ፣ ትናንት ሞልቼዋለሁ" ይላል።

መልሼ አዳመጥኩት። እንደገና መልሼ አዳመጥኩት። እናቴ "አልሰማኸኝም" አላለችም። ድምጿንም አልጨመረችም። ያልሰማትን ነገር ወስዳ በሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ፣ መጀመሪያው ላይ፣ አስገባችለት። እንዳልሰማ ሳይነገረው ሰማ። ወደ ፊት ሄድኩ፤ ሌላም ቦታ አገኘሁ፤ ሌላም። ስለ ጎረቤቷ ልጅ ሠርግ ስታወራ እንዲሁ፣ ስለ ቆጣሪው ስታወራ እንዲሁ። ሠላሳ ምናምን ዓመት አብሬያቸው ስበላ ይህን አንድ ቀን አላየሁም። ከሰማሁት ይልቅ የገረመኝ፣ ጆሮዬ ደህና ሆኖ አለመስማቴ ነው።

ቀጥሎ የራሴን ድምፅ ሰማሁ። ስለ ሥራ አንድ ነገር እነግረዋለሁ። አባቴ "እ?" ይላል። እደግመዋለሁ። "እ?" ይላል እንደገና። እኔ፣ "ተወው አባዬ፣ ምንም አይደለም" እላለሁ። ከዚያ በኋላ የሚሰማው የማንኪያ ድምፅ ብቻ ነው። ረጅም ጊዜ። አባቴ የሚናገረው እናቴ ወደ ወሬ ስትመልሰው ነው። "ተወው" ያልኩትም አንድ ጊዜ ብቻ አልነበረም። ማዳመጫውን አውልቄ እዚያ ክፍል ውስጥ ትንሽ ተቀመጥኩ። እዚያ ውስጥ ምንም ድምፅ አይሰማም፤ የራስ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚሰማው።

የምርምር ሐሳቤን ያን ሳምንት ጻፍኩ። በእንግሊዝኛ ነው የሚላከው፣ ሐሳቤ የሚመጣልኝ ግን በአማርኛ ስለሆነ መጀመሪያ በአማርኛ ጻፍኩት። መግቢያው ላይ የግንቦት ልደታውን ታሪክ አስገባሁ። "አንድ አዛውንት የወዳጃቸው ወንድም መሞቱ ሲነገራቸው፣ ተረፈ የተባሉ መስሏቸው ሳቁ" ብዬ ጀመርኩ። ለማረም እንዲመቸኝ በወረቀት አተምኩትና የምግብ ጠረጴዛው ላይ ትቼው፣ ቅዳሜ ጠዋት ከእናቴ ጋር ልደታ ማርያም ለመሳለም ሄድኩ።

ስንመለስ አባቴ መነጽሩን አድርጎ ወረቀቱ ፊት ተቀምጧል። ዕድሜውን ሙሉ የታተመ ነገር ሲያገኝ ሳያነብ አያልፍም፤ ይህን ማወቅ ነበረብኝ። ጣቱ አንድ መስመር ላይ ነው።

"ይሄ ሽማግሌ እኔ ነኝ?" አለ።

ወደ ፊቱ ቀርቤ፣ በዝግታ፣ "አዎ አባዬ" አልኩት።

"ሞቷል እንዴ?"

"አዎ።"

"መቼ?"

"ከግንቦት ልደታ በፊት።"

ወረቀቱን አጠፈው። ደግሞ ዘረጋው። "እዚያ ቆሜ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ሰውዬውን ተመስገን አልኩት? ንፍሮም ሰደድኩለት?"

እናቴ ነጠላዋን ሳታወልቅ፣ "እኔ ነኝ እንዳትነግረው ያልኳት። በሷ አትቆጣ" አለች። አልሰማትም፤ ወይም ሰምቷት ዝም ብሎ አለፋት።

"ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት ለእኔ ነው ለካ" አለ። ድምፁ ከፍ አላለም። "የደከመው ጆሮዬ ነው። ልቤ ደግሞ ሐዘን አይችልም ብላችሁ ነው? ወር ሙሉ ወዳጄ ሐዘን ተቀምጦ እኔ እዚህ ስደሰት አያችሁኝ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ለፈረንጆቹ ልትነግሪያቸው ነበር። ለእኔ ግን አልነገርሽኝም" አለ።

ተንበርክኬ ጉልበቱን ሳምኩት፤ እጁን ራሴ ላይ አደረገ፣ ግን ሌላ ቦታ ነበር ሐሳቡ። ተነስቶ ኮቱን ለበሰ፣ ባርኔጣውን አደረገ። "ተነሺ፣ ታደርሺኛለሽ" አለኝ።

በእግራችን ወደ ጠመንጃ ያዥ ሄድን። ቅዳሜ ስለነበር መንገዱ በሰው ተጨናንቋል፤ የብየዳ ቤቶቹ በራቸውን ከፍተው ብረት ይቆርጣሉ። መንገድ ስንሻገር ክንዴን ይይዛል፤ ተሻግረን ስናበቃ ይለቀዋል።

የወዳጁ ቤት ከአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ጀርባ ነው። ሰውየው በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ፊታቸው ቆመ።

"እግዚአብሔር ያጽናህ" አለ። "ዘግይቼ ነው የሰማሁት። መስማትም አይባል፣ ከልጄ ወረቀት ላይ ነው ያነበብኩት። ያን ቀን ያልኩህን እንዳልሰማህ ቁጠርልኝ፣ ይቅር በለኝ።"

ሰውየው ተነሱ። ተቃቅፈው ሁለቱም አለቀሱ። አባቴን ሲያለቅስ ካየሁት ቆይቶ ነበር። ከዚያ ሰውየው ወንበር ስበው፣ አጠገባቸው ሳይሆን ፊት ለፊታቸው አስቀመጡት፤ ጉልበት ለጉልበት። ያኔ ነው አንድ ነገር ያየሁት። ድምፃቸውን ሳያወጡ፣ ከንፈራቸውን በደንብ እያንቀሳቀሱ፣ በእጃቸውም እያገዙ መናገር ጀመሩ። አባቴ ዓይኑን ከአፋቸው ሳይነቅል ይመልሳል። እኔ ግራ ገባኝ።

ሰውየው ሲያዩኝ ሳቅ አሉ። "ማሽን ክፍል ውስጥ እንዲህ ነበር የምንጫወተው ልጄ" አሉኝ በድምፃቸው። "ማን ማንን ይሰማል ብለሽ? ዓመቱን ሙሉ ስናወራ ነው የኖርነው።"

"ጋሼ፣ ያን ቀን ለምን በዚህ አልነገሩትም?" አልኳቸው።

ወደ አባቴ ዞረው፣ እኔም እንድሰማ ድምፅ ጨምረውበት፣ በዝግታ ተናገሩ፦

"ሰው ሁሉ ነፍስ ይማር ሲለኝ ነው የሰነበተው። ተመስገን ያልከኝ አንተ ብቻ ነህ። ተረፈ ብለህ እንደሰማህ ወዲያው ገብቶኛል። ያን ንፍሮ ይዤ በእግሬ ስመጣ፣ እውነት ላደርስለት የምሄድ መሰለኝ። ለአንድ አፍታ ወንድሜ በሕይወት ነበረ። ታዲያ ምን ብዬ ልንገርህ? ቤት ገብቼ ስለሱ ሆኜ በላሁለት።"

አባቴ ከከንፈራቸው አንብቦ ጨረሰና ጉልበታቸውን መታ መታ አደረገ። እስከ ምሳ ሰዓት እዚያ ቆየን። ስለ ሟቹ ብዙ ተጫወቱ፤ ግማሹን እኔ አልሰማሁትም።

ቤት ስንመለስ አባቴ እርሳስ ጠየቀኝ። ያን ወረቀት ከፊቱ ዘርግቶ እንደ ድሮ ሥራው ያርም ጀመር። የፊደል ግድፈቶቼን አስተካከለ። "ሳቁ" ያልኩትን ሰርዞ፣ በላዩ ላይ፣ በዚያ ጥርት ባለ እጅ ጽሑፉ፣ "ደስ አላቸው" ብሎ ጻፈ።

"አልሳቅሁም" አለኝ። "ሰው ሲያዝን የሚስቅ አታስመስዪኝ።"

ሌላ ቦታ ላይ ደግሞ ስለ እናቴ፣ "ሚስት ባልየው ሳያውቅ ስህተቱን ትሸፍናለች" የሚል ነበር። እዚያ ላይ እርሳሱን አቁሞ ሳቀ፤ አሁን በእውነት ሳቀ።

"ሳያውቅ?" አለ። "ስትደግምልኝ የማላውቅ መስሎሻል? አርባ ዓመት የለመድኳት ሰው ናት። ነቃብኝ ብላ እንዳታፍር እኔ ዝም እላለሁ።"

እናቴ ከማዕድ ቤት በር ላይ ቆማ ትሰማለች። "ውሸታም፤ መቼ አውቀህ!" አለችው። ፊቷ ግን ቀልቷል።

ያን ጊዜ የራሴንም ነገርኩት። ምሳ ላይ "ተወው" እንደምለው፣ በቅጂው ውስጥ ራሴን እንደሰማሁ። ራሱን ነቀነቀ። "እሱን በጆሮዬ አይደለም የምሰማው" አለኝ። "ፊትሽ ላይ ነው የማየው። የደከመሽ ፊት ነው። ስለሚደክምሽ እተወዋለሁ።" ከዚያ ወረቀቱን መለሰልኝ። "ጻፊው። ሰው ይማርበታል። ስሜን ግን አታስገቢ።"

በእንግሊዝኛ ተርጉሜ ላክሁት። ከሁለት ወር በኋላ ለቃለ መጠይቅ ጠሩኝ፤ በቪዲዮ ነው። ቤት ውስጥ ጩኸት ስለሚበዛ፣ አለቃዬን አስፈቅጄ ያን የመለኪያ ክፍል ዘጋሁና ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱ ከውጭ፣ አንዱ ከዚሁ ከተማ። ደህና ጀመርን። መሃል ላይ ኔትወርኩ መቆራረጥ ጀመረ። አንዷ ፕሮፌሰር ረጅም ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ የሰማሁት ጫፍ ጫፉን ነው። ድገሚልኝ ማለት አፈርኩና በፈገግታ፣ "አዎ፣ በእርግጥ" አልኳት።

ሦስቱም ሌላ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው አዩኝ። ስክሪናቸው ላይ ቆሜ የቀረሁ መሰለኝ።

"ይቅርታ" አልኩ። "ጥያቄሽን አልሰማሁትም። ሳልሰማ ነው አዎ ያልኩሽ። ላጠናው የምፈልገው ይኼንን ነው፤ ሰው ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ።"

መጀመሪያ የሳቀው ከአዲስ አበባ ያለው ነው። ፕሮፌሰሯም ሳቀችና ጥያቄውን ደገመችልኝ። አባቴን ከጥናቱ ውጭ ማድረግ እችል እንደሆነ ነበር የጠየቀችኝ፤ ልጅ አባቷን ስታጠና እንደ ልጅም እንደ አጥኚም ማየት ይከብዳታል ስትል ነው። አባቴ ወንበሩ ላይ፣ እርሳስ በእጁ ይዞ፣ ታየኝ። "እችላለሁ። እሱን ማጥናት አልፈልግም፤ አጠገቤ ቢሆን ይበቃኛል" አልኩ። መልሱ ጥሩ ይሁን መጥፎ ያኔ አላወቅሁም።

የመጀመሪያው ደብዳቤ ሲመጣ ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ ነሽ ይል ነበር። ለአባቴ ሳነብለት፣ "ተጠባባቂ ማለት ያልቀረ ሰው ነው" አለኝ። እኔ ግን ቀርቻለሁ ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ። መኸር ሲወጣ ሁለተኛ ደብዳቤ መጣ፤ አንዱ አመልካች ሌላ ቦታ ስለገባ ቦታው ላንቺ ነው የሚል። በዓመት ጥቂት ወር እዚያ፣ ቀሪው እዚሁ፣ ከቤተሰቦች ጋር። እናቴ ስትሰማ እልል አለች፤ ሁለት ፎቅ ወደ ታች ተሰማ። አባቴ እልልታውን ሰምቶ ከመኝታ ቤት መጣ፤ ደብዳቤውን ወስዶ ከላይ እስከ ታች አነበበና በግራ ኪሱ ከተተው። እስከ ማግስቱ አልሰጠኝም።

አሁን ሁለተኛ ዓመቴ ነው። በቤት ውስጥ ግን የተለወጠው ነገር ትንሽ ነው፤ ከአባቴ ጋር ስናወራ ወንበሬን ፊት ለፊቱ አዞራለሁ፣ ያን "ተወው" የሚል ቃል ለመተው እሞክራለሁ፣ አንዳንዴ ያመልጠኛል። ሲያመልጠኝ ጣቱን ቀስሮ ያስጠነቅቀኛል።

ለምርምሬ የሄድኩበት የመጀመሪያ ቤት አብነት ሰፈር ነበር። ባልየው ዕድሜውን ሁሉ በተሳቢ መኪና አሰብ ሲመላለሱ የኖሩ ሹፌር ናቸው፤ ሞተሩ ጆሯቸውን ወስዶታል። ሚስትየው በሩ ላይ ትንሽ ሱቅ አላቸው። ሚስትየው ተስማሙልኝ፤ ባልየው ግን፣ "ይቺ ልጅ በማሽኗ ምን ልታደርገኝ ነው?" ብለው አሻፈረኝ አሉ። ሁለት ጊዜ ሄጄ ተመለስኩ። ይህን ለአባቴ ስነግረው ባርኔጣውን አነሳ።

አብረን ሄድን። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሰላም ተባባሉ፤ ጤና ተጠያየቁ፤ አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እኔ ቅጹን አንብቤላቸው፣ በወረቀትም አሳይቻቸው፣ ሲፈቅዱልኝ መቅጃውን መሃል አኖርኩት። አባቴ ስላለበት ያን ቀን የተቀዳው ለጥናቱ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ሰውየው መሣሪያውን እንዲለምዱት ብዬ ነው። ሹፌሩ ስለ አሰብ መንገድ ጀመሩ፤ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ፈነዳ ጎማ፣ በረሃ ላይ ስላደሩበት ጊዜ። አባቴ ራሱን እየነቀነቀ ሰማቸው። ተራው ሲደርስ፣ የአንድ መጽሐፍ ገጽ ታትሞ ካለቀ በኋላ ፊደል ተገልብጦ እንደተገኘና ሌሊቱን ሙሉ እንዴት እንዳረሙት አወራቸው። እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ "እውነት ነው፣ ዳገቱ አስቸጋሪ ነው" አሉት። ሁለት ሰዓት እንዲህ ሄደ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ግን የሚስቁት እኩል ነው።

ሚስትየው ከሱቃቸው አንገታቸውን አስግገው፣ "ምን እያሉ ነው?" አሉኝ።

"እኔ እንጃ" አልኳቸው።

"ይሳቁ፣ ተያቸው። እሱ እንዲህ ሲስቅ ካየሁት ስንት ጊዜዬ" አሉና ወደ ደንበኛቸው ዞሩ። ስንወጣ ሹፌሩ ቅጹን ራሳቸው ጠይቀው ፈረሙልኝ።

ወደ ቤት ስንሄድ፣ አንድ ፀጥ ያለ ቅያስ ላይ ቆም ብዬ ወደ አባቴ ዞርኩ። "ምን አጫወቱህ?" አልኩት።

አሰበ። "መኪና መሰለኝ" አለ። "ጥሩ ሰው ነው። በሚመጣው ሳምንት መቼ ነው የምንሄደው?"